ጭሱ የውጪ መስሎን

ከባምባሲ አጠገብ፣ ከሰፈራ መንደራችን
የካቲት 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የጉልበትሽ ቁርጥማት ተሻለሽ? የበልጉ ዝናብስ ጣለላችሁ? እኔና ባሌ አንለይ ቆመን እንሄዳለን። ስለ ልጄ ስለ መነን ጠይቀሻል። እደርስበታለሁ። አስቀድሜ ስለ ቤቱ ልንገርሽ።

ስንመጣ የጠበቀን ቤት ግድግዳው ቀርከሃ ብቻ ነበር። በጥር ላይ ለእርሻ የሚመነጠረውን ጫካ አቃጠሉት። ቀርከሃ ሲነድ እንደ ጥይት ይጮሃል። ሰማዩ ጠፋ። መነን ማሳል ጀመረች። ጭሱ እንዳይገባ ብለን ግድግዳውን እንደ አገራችን በጭቃ መረግነው። በበሩ ሥር ጆንያ ወተፍን። አንለይ አንዲት ቀዳዳ አላስቀረም። ያየው ሁሉ አደነቀው።

ጎረቤታችን ኡምኩልሱም የዚሁ አገር ተወላጅ፣ በርታ የሚባለው ብሔረሰብ ናት። ቤቱን ዞራ አየችና በኮልታፋ አማርኛዋ «ቤት አንቺ አፍንጫ የለው። ሰው በምን ይተነፍስ?» አለችኝ። አንለይ «የእናንተ ደግሞ ቅርጫት ነው፣ ለዶሮ ይሆናል» ሲላት ከሁላችንም በላይ የሳቀችው እሷው ነበረች።

እሳቱን ግን አላጠፋነውም። እዚህ ወባ ልጅ ይጨርሳል፤ ትንኝን የሚያባርረው ጭስ ነው። መነንን ምድጃው አጠገብ አስተኝቼ እርጥብ ቅጠል እጨምርበታለሁ። ስታስል ውጪውን እረግማለሁ። ዶዘሩን፣ አቧራውን፣ የሚነደውን ጫካ። ከዚያ በሩን ይበልጥ እዘጋለሁ።

ትንፋሿ ሲያጥር ወደ ጤና ረዳቱ ወደ ታረቀኝ ወሰድኳት። ደረቷን አዳምጦ «እቤት ውስጥ ትምባሆ የሚያጨሰው ማነው?» አለኝ። ተቆጣሁ። በእኛ ቤት? አላመነኝም። ተከትሎኝ መጣ። በሩን ስከፍተው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ግድግዳውን በጣቱ ጠረገና አሳየኝ። ጥላሸት። የውጪው ጭስ ነፋስ ሲነሳ ይሄዳል፣ ይሄኛው ግን መውጫ ስለሌለው የሚያድረው እሷ ሳንባ ውስጥ ነው አለኝ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ስፈራ የኖርኩት ውጪውን ነበር፣ እናቴ። ውጪውን።

አንለይ የዚያኑ ዕለት መጥረቢያ አንስቶ የመረገውን ግድግዳ በሁለት በኩል አፈረሰው። አሁን ነፋሱ እንደ ልቡ ይመላለሳል። ኡምኩልሱም በየቀኑ ትመጣለች። አጠገቤ ትቀመጣለች እንጂ አትቀልድም።

የላክሽው ቀሚስ ደርሶናል። ልኳ ነው። ስትገነዝ ያለበስኳት እኔ ነኝ፤ አንለይ ቁልፉን መቆለፍ አቃተው።

አደራ፣ አንቺም ከምድጃው ራቅ ብለሽ ተኚ። የጓዳሽን መስኮት ክፈቺው። ብርዱ ቢገባም ይግባ።

እግዚአብሔር እስትንፋስሽን ያርዝምልኝ።

ልጅሽ፣
የመነን እናት