ያጸዳሁት የሽመላ እግር

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፣

እንደምን ከርመሃል አባዬ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? ደረጃው አሁንም ያስቸግርሃል ወይስ እህቴ እንደለመነችህ መኝታህን ወደ ምድር ቤት አወረድክ? ዓይንህስ? መነጽሩን መሳቢያ ውስጥ ቆልፈህበት ከሆነ መጠየቄም ትርፉ ድካም ነው። እኔ በሰውነቴ ደህና ነኝ፤ ትንኝ ከበላው በቀር የጎደለኝ የለም። አንጀቴ ግን አርሯል። ከተናደድኩባቸው ሰዎች አንደኛው እኔ ስሆን ሁለተኛው አንተ ነህ፤ ስለዚህ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ባለፈው ወር ጡረታ የወጡ አንዲት የወፍ ተመራማሪ ወደ ፎቶ ቤቴ መጡ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ካሜራ መያዝ አይችሉም። ወደ ሐይቁ ዳር አንድ ሳምንት አብሬያቸው ሄጄ ሽመላ እንዳነሳላቸው ጠየቁኝ። ከጉርድ ፎቶ ትንሽ ልረፍ ብዬ እሺ አልኩ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

ዕረፍት ያልኩት ነገር ምን መሰለህ፤ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ከሣር በተሠራች መደበቂያ ውስጥ ጉልበትን አጥፎ መዋል ነው። ማውራት ክልክል፣ ማሳል ክልክል፣ ትንኝ በጥፊ ማለት ክልክል። ወፎቹ ደግሞ ከሰርገኛ የባሱ ናቸው። ሙሽራ እንኳ ቀና በይ ሲሏት ቀና ትላለች፤ ሽመላ ግን ልክ ስታነጣጥርበት ዞሮ ጀርባውን ይሰጥሃል። ሦስት ቀን ሙሉ የሽመላ ጭራ ሳነሳ ዋልኩ። በአራተኛው ቀን አንዱ ከመንጋው ተለይቶ ደረቅ መሬት ላይ ወጣና ቆመ። እሳቸው በአቅርቦ ማሳያ መነጽራቸው እያዩት ክንዴን ጨምድደው ያዙና እግሩን፣ እግሩን እንዳትስተው አሉኝ በሹክሹክታ። ሙሉ ቁመቱን ፈልገው ነው ብዬ ሙሉ ቁመቱን አነሳሁላቸው።

ወደ ማረፊያችን ተመልሰን እሳቸው ጋደም ሲሉ እኔ ላፕቶፔን ከፍቼ አንተ ያስተማርከኝን ማድረግ ጀመርኩ። ደንበኛ የተበላሸ ፎቶ ማየት የለበትም ትል ነበር፤ ካነሳሁት ስልሳ ፎቶ ውስጥ ጥርት ያለውን አንዱን አስቀርቼ ሌላውን ሁሉ ደመሰስኩ። ደንበኛ እንከኑን ይዞ ከቤታችን አይወጣም ትል ነበር፤ ከላባው ላይ ጭቃውን አነሳሁለት። ግራ እግሩ ላይ ደግሞ ቁጥር ያለበት የሆነ ቀለበት መሰል ነገር ተጣብቋል። የወፍ እግር ላይ ይሄ ምን ይሠራል፣ ከቆሻሻ መጣያ የመጣ ነው ብዬ እሱንም አጠፋሁት። በዚያው በድሮው ላይ ሴቭ አደረግኩና ሚሞሪ ካርዱን ለነገ ባዶ አደረግኩት። ያኔ እንዴት እንደኮራሁ ብታየኝ!

ያቺን ቀለበት፣ አባዬ፣ እሳቸው ናቸው በገዛ እጃቸው ያደረጉለት። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት፣ ጡረታ ሊወጡ ሲሉ፣ አርባ የሽመላ ጫጩቶች እግር ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት አድርገው ነበር። ከዚያ ወዲህ አንዱም ስላልታየ የድሮ መሥሪያ ቤታቸው ሁሉም አልቀዋል ብሎ መዝገቡን ዘግቶባቸዋል። ቁጥሩ የሚነበብበት አንድ ፎቶ ብቻ ነበር የሚፈልጉት። ይህን ሁሉ መኪና ውስጥ ሦስት ሰዓት ሙሉ ነግሬሃለሁ አሉኝ። እኔ እንቅልፌን እለጥጥ ነበር፤ በእንቅልፍ ልቤ አልፎ አልፎ “እህ” እል ነበር መሰለኝ።

ፎቶውን ሳሳያቸው መነጽራቸውን አውልቀው ወለወሉት፤ እንደገና አዩና ቀለበቱስ አሉኝ። ምስጋና እየጠበቅኩ፣ አጽድቼልዎታለሁ አልኩ። የስድብ መዓት ቢያወርዱብኝ በተሻለኝ። ወንበሩ ላይ ዝግ ብለው ተቀመጡና፣ አሥራ አራት ዓመት ተሸክሞት የዞረውን አንተ በአንድ ከሰዓት አወለቅክለት አሉኝ። የምገባበት ጠፋኝ። እሳቸው ከሩቅ ቀለበቱን እንጂ ቁጥሩን አላዩትም ነበርና እንዳስታውስ ለመኑኝ፤ ሰባት ይሁን አንድ፣ ምኑም አልመጣልኝ አለ።

የቀሩትን ሦስት ቀናት ብንመላለስም መንጋው ተነስቶ ሄዷል። እንዲያም ሆኖ እሳቸው ፎቶውን ለመሥሪያ ቤቱ ላኩት፤ እኔም የሠራሁትን ጥፋት ጽፌና ፈርሜ አያያዝኩላቸው። የመጣው መልስ አንድ መስመር ነው፤ በወፉ እግር ላይ ምንም አይታይም ይላል። በሚመጣው ዓመት እንሄዳለን ብለውኛል። በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው መልሼ ትንኝ ላስበላቸው ነው።

ከተመለስኩ ወዲህ እጄ አልታዘዝ ብሎኛል። ትናንት ለአንዲት ደንበኛ ፎቶዋን ከነብጉሯ አትሜ ብሰጣት ፎቶ ቤቱን በአንድ እግሩ አቁማው ሄደች። አንተ ብትሆን ታጠፋላት ነበር፤ ለክፋት እንዳልሆነም አውቃለሁ። እሷ ከወጣች በኋላ ግን ከጠረጴዛዬ በላይ የሰቀልኩትን የእማዬን ፎቶ አወረድኩት። አባዬ፣ እማዬ እኮ ጉንጯ ላይ ጠባሳ ነበራት። ስታቅፈኝ እሱን በጣቴ እየዳሰስኩ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ። እዚህ ፎቶ ላይ ፊቷ እንደ እንቁላል ልሙጥ ነው። አልበሙን ከዳር እስከ ዳር አገላበጥኩት፤ የአንተ የፎቶ ማረሚያ ብሩሽ ያላለፈበት አንድም የለም። በየትኛው ጉንጯ እንደነበር ጠፍቶኛል። ግራውን ሳስብ ልክ ይመስለኛል፣ ቀኙንም ሳስብ ልክ ይመስለኛል። በአንተ የተናደድኩት ለዚህ ነው።

ያልነካኸው አንድ ፊልም ካለህ፣ ብዥ ያለም ቢሆን፣ ዓይኗን የጨፈነችበትም ቢሆን፣ ምንም ሳታስተካክል እንዳለ ላክልኝ።

እህቴን ሳምልኝ፤ ባሏንም ሰላም በልልኝ፣ አንተን ደረጃ ለደረጃ መደገፉን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ሁለቱን ልጆች ጉንጫቸውን ሳምልኝ፤ ጥርሳቸው የወለቀበትን ፎቶ ልከውልኛል፣ ደግ አደረጉ። የእማዬን እህት፣ አክስቴን፣ ጉልበቷን ሳምልኝና ጠባሳው በየትኛው በኩል እንደነበር ጠይቅልኝ። ከመጠየቅህ በፊት ግን የራስህን መልስ ወረቀት ላይ ጻፍ። ሁለታችሁ ካልተስማማችሁ የማምነው እሷን ነው፤ እሷ ብሩሽ ይዛ አታውቅም።

ልጅህ
ከፎቶ ቤቱ የኋላ ክፍል
ጥቅምት 22 ቀን