የአያ ደምሴ ካፖርት ጉና ላይ

ደብረ ታቦር
ነሐሴ 22 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለተከበርከው ባሌ፣ ለልብስ ሰፊው የሺዋስ፣
ባሕር ዳር፤

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ። «ከናፍቆትህ በቀር» የሚለው የደብዳቤ ወግ ስለሆነ ዘልዬዋለሁ።

የላክሃቸው ሽማግሌ፣ አያ ደምሴ፣ ቅዳሜ ደርሰዋል። ጉሮሯቸውን ጠርገው መልእክትህን እንደ ዳዊት ደገሙልኝ፦ «ጨርቁ ከኔ መቀስ የወጣ ነው፤ ከሱ የተሠራውም የኔ ነው፤ ታስረክብ።» ግሩም ነው! ከሦስት ዓመት በፊት የስፌት መኪናውን አሸክመህ ስትወጣ ሁለቱን ጆንያ ቁርጥራጭ በእግርህ ገፋ አድርገህ «ድሪቶሽን ስፊ» ያልከኝን ግን አልነገርካቸውም። እኔም ታዛዥ ሚስት ነኝና ሰፋሁ።

ድሪቶው ግድግዳ የሚሞላ ሥዕል ሆነ። ጉና ተራራ፣ ከሥሩ የገብስ ማሳ፣ ከማሳው ወዲህ የቅዳሜ ገበያ። ቀለም የሚባል አልነካውም፤ ሁሉም ጨርቅ፣ ሁሉም በእጅ መርፌ። ለቡሄ የከተማው አዳራሽ ውስጥ ሰቀሉልኝ፤ አገር ተሰልፎ እያየው ነው።

አያ ደምሴ «ያላየሁትን አልፈርድም» አሉና ወሰድኳቸው። ቆመው አዩ። ቀረቡ። የተራራውን ወገብ በጣታቸው ዳሰሱ።

«ስርጉት።»

«አቤት፣ አያ።»

«ይሄ ተራራ ካፖርቴ ነው።»

ስምንት ዓመት ሙሉ ደረቱ አልገጥም ያላቸውን ካፖርት ታስታውሳለህ? «አያ፣ ጨርቁ አንሶ ነው» ያልካቸውን? ያነሰው ጨርቅ ጉና ላይ ተገኘ፤ ክንድ ከስንዝር።

«ስምንት ክረምት ብርድ የፈጀኝ በዚህ ሰው ነው?» አሉ።

ጎረቤታችን ፈንታነሽ አጠገባቸው ቆማ ትስቅ ነበር። ዓይኗ ድሪቶው ገበያ ውስጥ ካለችው ቀይ ጃንጥላ ላይ ሲደርስ ሳቋ ቆመ፤ ጥላዋ ከልጇ የሰርግ ካባ የቀረ ከፋይ ናት። «ወይ ጉድ! ካባው ሲያጥር እኛ እኮ ሙሽራዋ ረዘመች ብለን ነበር!»

በማርያም እልሃለሁ፣ እኔ ትራፊ መስሎኝ ነው የሰፋሁት። ልብስ ሰፊ ከጨርቅ እንደሚያስቀር አገር ያውቃል፤ አገር ያላወቀው የት እንደሚያስቀምጠው ነበር። አሁን አዳራሽ ተሰቅሏል።

ስለዚህ ጥያቄህን በክብር ተቀብያለሁ። ና፤ ሥዕሉ ፊት ቆመህ፣ ሕዝብ እየሰማ፣ «ይህ ሁሉ ጨርቅ የኔ ነው» በል። ያን ጊዜውኑ አስረክባለሁ። አያ ደምሴ ካፖርታቸውን እንደ ልማዱ ደረቱን ከፍተው ይቀበሉሃል፤ በትርም ይዘዋል። ካልመጣህ ጉናም ገበያውም የኔ ነው። ሌላ ሽማግሌ ለመላክም አትድከም፤ በዚህ ከተማ ጨርቁን ያላስቀረህበት ሽማግሌ የለም።

አንዲት ቁራጭ ግን አልሰፋኋትም። ከሁለተኛው ጆንያ ሥር ነው ያገኘኋት። ነጭ ናት። «ጨርቁ አነሰ» ብለህ እጅጌውን ካሳጠርከው ከሰርግ ቀሚሴ የቀረች ናት፤ ያን ቀን ሲዘፈንልኝ ሲውል እጄን በነጠላ ስሸፍን ነበር። ከኔም፣ የሺዋስ?

አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አጥፌልሃለሁ። ድርሻህ ይችው ናት።

የደብረ ታቦሩ ጌታ እጅህን ይባርክ፤ መቀስህን ግን ያዶልድምልን።

ሚስትህ፣
ስርጉት

ቁራጯን ካልፈለግሃት ለማንም አትስጣት። መልሰህ ላክልኝ።