የአያቴ ካባ መድረክ ላይ

አዋሳ፣ መጋቢት 12 ቀን 1971 ዓ.ም.

ዛሬ የቀበሌያችን የኪነት ቡድን ቲያትር አሳየ። የፊውዳሉን የጦር አለቃ የተጫወተው ወጣት የለበሰው የአያቴን ካባ ነው። ባለፈው ሳምንት የኪነቱ መሪ ካባውን ሊዋስ ቤት ሲመጣ፣ አባባ ደስ ብሏቸው የአባታቸውን ታሪክ አጫወቱት። አያቴ በአፄዎቹ ዘመን ሻለቃ ነበሩ። ከዘመቻ ሲመለሱ በቅሏቸውን ለቆሰለ ወታደር ሰጥተው ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው መጡ። እግራቸው ተጎድቶ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያነክሱ ኖሩ።

ከዚህ ሁሉ መድረክ ላይ የወጣው ማነከሱ ብቻ ነው። ወጣቱ እያነከሰ ጭሰኛውን በአለንጋ ሲገርፍ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ቆሽቴ አረረ። ተነስቼ እንዳልናገር፣ የፊውዳል ርዝራዥ ብለው ይወስዱኛል ብዬ ፈራሁ። አባባን ዞር ብዬ ማየትም አቃተኝ።

በሐይቁ ዳር ወደ ቤት ስንመለስ፣ «አባባ፣ ባልወስድዎት ይሻል ነበር» አልኳቸው።

«ለምን?» አሉኝ፣ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ። «አባቴን ካየሁ ስንት ዘመኔ! ልጁ የተራመደው ልክ እንደሳቸው ነው።»

ትንሽ ሄድ አሉና፣ «ነገም ያሳያሉ አይደል?» ብለው ጠየቁኝ።