የእናቴ አሥራ ሁለት ዓመታት ጉዳይ

ለተከበራችሁ የአንጎል ደም ሥር ሐኪሞች ጉባኤ አባላት፣
ባላችሁበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ እናንተም ቤተሰቦቻችሁም እንዴት ሰነበታችሁ እያልኩ ጤንነታችሁን በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ለራሴ ደህና ነኝ። የእናቴን ደህንነት በተመለከተ ግን መልሱ ያለው እናንተ ዘንድ ስለሆነ፣ እንደ ወጉ ሁላችንም ደህና ነን ብዬ ለመቀጠል አልደፈርኩም።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ መጻፌንና በሚግዳል ገበያ አጠገብ ባለው የማኅበራችን ሰሌዳ ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳትቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ከዚህ በፊት ሁለት ደብዳቤዎች በጥሩ ዕብራይስጥ አስተይቤ ልኬላችሁ መልስ አላገኘሁም። ላይነበብ ነገር፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ጽፌው ሳይነበብ ቢቀር ይሻለኛል ብዬ ነው።

ስሜ ማንያዘዋል ነው፤ ሃምሳ አምስት ዓመቴ ሲሆን እዚሁ አሽቀሎን ከተማ ከባርኔአ ሰፈር ወደ ሚግዳል የሚመላለስ አውቶቡስ እነዳለሁ። እናቴ ወይዘሮ እቴነሽ ትባላለች። ከስምንት ወር በፊት የሮኬት ማስጠንቀቂያ ሲረን ሲጮኽ ራማት ኤሽኮል ካለው ቤታችን ከሦስተኛ ፎቅ ወደ መጠለያው ስትወርድ፣ ጎረቤታችንን ጋሼ ጎሹን ደግፋ ነበርና እሳቸው ሲንሸራተቱ አብራ ወድቃ ጭንቅላቷ ከደረጃው ጋር ተጋጨ። ጋሼ ጎሹ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ በመታወቂያቸው ግን ሰባ ናቸው። እናቴ ደግሞ በመታወቂያዋ ሰባ አምስት ናት። እንግዲህ በመንግሥት ወረቀት መሠረት፣ አንዲት አሮጊት በአምስት ዓመት የሚያንሳትን ሰው ተሸክማ ደረጃ ስትወርድ ወደቀች ማለት ነው፤ ይህም ከእናንተ ማንንም አላስገረመም።

የመውደቁ እብጠት በሦስት ቀን ጠፋ። ጭንቅላቷን በመሣሪያ ፎቶ ሲያነሱት ግን ሌላ እብጠት ተገኘ፤ አኔሪዝም የምትሉት፣ በአንጎሏ ውስጥ አንድ ደም ሥር ግድግዳው ሳስቶ እንደ ፊኛ የተነፋበት ቦታ፣ ስፋቱ ስምንት ሚሊ ሜትር። ከፈነዳ ብዙ ጊዜ ሆስፒታል እስኪደረስ እንኳ እንደማይቆይ ያስረዱኝ ከእናንተው አንዱ ናቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ ባስነጠሰች ቁጥር የያዝኩት ነገር ከእጄ ይወድቃል። ፈርቼ ነበር፤ አሁንም እፈራለሁ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ፤ ብዙ ስለሆነ በቁጥር አቀርበዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቅልጥፍናችሁ አመሰግናለሁ። አንድ ራስ ቅል ከፍተው የሚያክሙ፣ አንድ በጭን በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው እብጠቱን ከውስጥ የሚደፍኑ፣ አንድ ደግሞ የነርቭ ሐኪም፣ ሦስታችሁ ተሰብስባችሁ ስለ አንዲት ሴት ሕይወት ስትወስኑ ሴትዮዋን መጥራት አላስፈለጋችሁም። እሷ ምናልባት እጠራ ይሆናል ብላ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ ከማለዳ ጀምሮ ኮሪደራችሁ ላይ ተቀምጣ ነበር። ፎቶውን አያችሁ፣ ፋይሉን አያችሁ፣ ከዚያም ከዕድሜዋ አንጻር ሕክምናው እንደማይመከርና ከዓመት በኋላ ምርመራው እንዲደገም በአንድ መስመር ጽፋችሁ ወጣችሁ። ብትጠሯት ኖሮ ከበሩ እስከ ወንበሩ ስትራመድ ማየቱ ብቻ ይበቃችሁ ነበር። አርብ አርብ ሚግዳል ገበያ በእግሯ ሄዳ ሁለት ዘንቢል ሙሉ ተሸክማ የምትመለስ ሴት ናት፤ የልጇ አውቶቡስ አጠገቧ ቆሞ በሩን ሲከፍትላት እንኳ እጇን አወዛውዛ ታልፈዋለች።

ሁለተኛ፣ ስለ ሐቀኝነታችሁ አመሰግናለሁ፤ በተለይም ከሦስታችሁ በዕድሜ ትንሹን፣ ዶክተር ሊኦርን። ተከትያቸው ሮጬ ዕድሜዋ ወረቀቱ እንደሚለው እንዳልሆነ፣ በእውነቱ ስድሳ ሦስት ዓመቷ እንደሆነ ብነግራቸው፣ አሳንሰር እየጠበቁ ያለምንም ማመንታት መለሱልኝ። «ስድሳ ሦስት ብትሆን ኖሮ በዚህ ወር ውስጥ እናስገባት ነበር» አሉኝ። እኛ የምናውቀው ግን ፋይሉ ላይ ያለችውን ሴት ነው፤ መጀመሪያ ዕድሜዋ በሕግ ይስተካከል ብለው አሳንሰሩ ውስጥ ገቡ። እንዲህ ያለ ግልጽ ሰው በመካከላችሁ ስላለ ዕድለኞች ናችሁ።

ፋይሉ ላይ ያለችው ሴት እንዴት እንደተወለደች ጠይቃችሁኝ አታውቁም፤ ሳልጠየቅ መናገሬን ይቅር በሉኝና ልንገራችሁ። የተወለደችው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1984፣ እዚህ አገር በገባን ቀን፣ አንድ የመዝጋቢ ጠረጴዛ ላይ ነው። የወለደችኝ እናት ሱዳን የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ሞታ ነበር፤ እጄን ይዛ አውሮፕላን ያሳፈረችኝ ታናሽ እኅቷ እቴነሽ ናት። እኔ አሥራ አራት፣ እሷ ሃያ ሁለት ዓመታችን ነበር። መዝጋቢው ልጁ የማን ነው ሲል የኔ ነው አለች። አስተርጓሚው፣ ከእኛ ቀድሞ የመጣ የጎንደር ሰው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በዚህ ዕድሜዋ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እናት ናት ቢል ማንም እንደማያምነው፣ ወላጅ የሌለው ልጅ ደግሞ ተለይቶ አዳሪ ትምህርት ቤት እንደሚላክ ነገራት። ለአፍታ እንኳ አላሰበችም።

«እንግዲያው የሚበቃውን ያህል ጨምርልኝ» አለችው።

አሥራ ሁለት ዓመት ጨመረላት። ቀኑንና ወሩን የሚያውቅ ስላልነበረ በሁለቱም ቦታ ዜሮ ተጻፈ፤ መታወቂያዋ በዜሮ ቀን፣ በዜሮ ወር፣ በ1950 ተወለደች ይል ነበር። በሃያ ሁለት ዓመቷ ሠላሳ አራት ሆነች። ሊያገቧት ያሰቡ ሰዎች ጎረምሳ ልጅ ያላት መበለት ናት ብለው ተመለሱ፤ እሷም እውነቱ ከወጣ ይወስዱብኛል ብላ ስለፈራች ዝም አለች። ባርኔአ ባለ የአረጋውያን ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ዕድሜዋን ሙሉ ሠርታ፣ በሃምሳ አምስት ዓመቷ ስድሳ ሰባት ሞላሽ ተብላ አንድ እቅፍ አበባ ተሰጥቷት ተሸኘች። የእጇ ጉልበት ገና አልደከመም ነበር። እነዚያን አሥራ ሁለት ዓመታት አንድ ቀን እንኳ አንስታብኝ አታውቅም።

ሦስተኛ፣ ስለ መመሪያችሁ አመሰግናለሁ። መጀመሪያ ዕድሜዋ በሕግ ይስተካከል ስላላችሁኝ ወደ መዝገብ ቢሮ ሄድኩ፤ መዝገብ ቢሮው ወደ ፍርድ ቤት ላከኝ፤ ፍርድ ቤቱ ደግሞ በ1962 የተወለደች ሴት በ1970 ልጅ ልትወልድ እንደማትችል ጠቅሶ፣ ከሁለቱ አንዱ ሐሰት ስለሆነ የትኛው እንደሆነ በመሐላ ይገለጽ አለ። እናንተ በአንድ መስመር የጨረሳችሁት ነገር የት ድረስ እንደሚሄድ ተመልከቱልኝ። እናቴ ይህን ስትሰማ ሳቀች፤ ቀጥሎም የምነግራት ቀልድ እንዳልሆነ ሲገባት ፊቷ ተለወጠ።

«ልጄ አይደለም ብዬ ከምምል ይፈንዳ» አለች።

ስለዚህ እኔ ማልኩ። ወረቀቱ ስለ ዓመቱ ብቻ ነው ብዬ ዋሽቼ አስፈረምኳት። ጋሼ ጎሹን ምስክር አድርጌ ባለፈው ማክሰኞ ዳኛው ፊት ቆምኩ፤ እሷ ከኋላዬ ተቀምጣለች። ይህች ሴት እናትህ ናት ወይ ተብዬ በዕብራይስጥ ተጠየቅሁ፣ «ሎ» ብዬ በዕብራይስጥ መለስኩ፤ አይደለችም ማለቴ ነው። እንዳይገባት ተስፋ አድርጌ ነበር። አርባ ዓመት በዚህ አገር የኖረች ሴት ያቺ አንዲት ቃል እንዴት አትገባት። ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ከጎኔ ክፍት ወንበር እያለ ወደ ፊት ሄዳ ለብቻዋ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ምግቤን ታቀርብልኛለች፣ ሸሚዜን ትተኩስልኛለች፣ አታናግረኝም።

አራተኛና አምስተኛ ምስጋናም አዘጋጅቼ ነበር፤ ቁጥሩን ለመቀጠል ግን አቅም አጣሁ። ተናድጃለሁ፤ በራሴ የተናደድኩበት ሰዓትም በእናንተ ከተናደድኩበት አያንስም። ውሸቴን ለዳኛው፣ እውነቴን ለእናቴ መናገር ሲገባኝ ገለበጥኩት። የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ግልባጭ በማግስቱ ልኬላችኋለሁ። እናቴ ከማክሰኞ ጀምሮ ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ደም ሥሯ ግን ሰኞም ማክሰኞም ያው ነው፤ ስፋቱ ስምንት ሚሊ ሜትር ነው፤ ግድግዳውም እንደሳሳ ነው። የክፍላችሁን በር ከፍታችሁ አንድ ጊዜ ብታዩአት ይታወቅ የነበረን ነገር በማኅተም ለማረጋገጥ፣ እሷ ልጇን እኔም እናቴን በሕግ አጥተናል።

ላደረጋችሁልን ሁሉ፣ ይልቁንም ሳታዩን ላደረጋችሁልን፣ ምስጋናዬ እጅግ ከፍ ያለ መሆኑን እየገለጽኩ፣ እጃችሁ እንዳይንቀጠቀጥ፣ ዓይናችሁም አልፎ አልፎ ከወረቀቱ ቀና እንዲል ከልብ እመኛለሁ።

ዘወትር አክባሪያችሁ፣
ማንያዘዋል፣
እስካለፈው ማክሰኞ ድረስ የወይዘሮ እቴነሽ ልጅ፣
ራማት ኤሽኮል፣ አሽቀሎን

ከፊርማዬ በኋላ የተጨመረ፦ ደብዳቤውን ገና ሳልለጥፈው ጸሐፊያችሁ ወይዘሪት ኦርታል ደወለችልኝ። ጉባኤያችሁ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ተመልክቶ ሕክምናው እንዲደረግላት ስለ ወሰነ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀጠሮ መያዙን በደስታ አበሰረችኝ፤ እኔም በእውነት አመሰገንኳት፤ ይህ ምስጋና ከላይ ከዘረዘርኳቸው ውስጥ አይደለም። ቀጥላም ከሕክምናው በኋላ በጽኑ ሕሙማን ክፍል መግባት የሚፈቀደው ለቅርብ ቤተሰብ ብቻ ስለሆነ ማን እንደሚመጣ ጠየቀችኝ። ልጇ ነኝ፣ እኔ እመጣለሁ አልኳት። ኮምፒዩተሯን አየችና ወይዘሮ እቴነሽ ልጅ እንደሌላት በትሕትና ነገረችኝ። ልክ ናት፤ ማስረጃውን የላክሁት እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ ለእናቴ ስነግራት ከስድስት ቀን ዝምታዋ በኋላ ቀና ብላ አየችኝና የሚከተለውን መልእክት ላከችላችሁ፤ እኔም አንድ ቃል ሳልቀንስ አስተላልፋለሁ።

«እንግዲያው አሥራ ሁለቱን መልሰው ይጨምሩልኝ በላቸው።»