ለተሾመ ግድግዳ ሲሚንቶ

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6፣ ጆሃንስበርግ

ተሾመ ዛሬ ከደርባን ደወለ። የቤተ ክርስቲያናችን አጥር ሲሠራ «ዲፕሎማ የሌለው ሰው የእግዚአብሔርን ቤት አይነካም» ብሎ በሰው ፊት ያባረረኝ እሱ ነው። እሱ ረስቶታል። እዚያው ደርባን ከባሕሩ ዳርቻ የገዛው አሮጌ ቤት በጡቦቹ መሃል ያለው ኖራ ረግፎበታል።

«ጋሼ፣ በምን ልሙላው? በኖራ ወይስ በሲሚንቶ?»

የእንዲህ ያለ አሮጌ ቤት ጡብ ለስላሳ ነው። ሲሚንቶ ከገባበት ጨዋማው እርጥበት መውጫ ያጣና ጡቡን ራሱን ይልጠዋል። ስንቱን እንዲህ የተበላሸ ግድግዳ በእጄ አፍርሻለሁ።

«በሲሚንቶ» አልኩት። «ጠንከር አድርገህ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ሲያልቅ መጥተው ያዩልኛል?»

«ሁለት ዓመት ይለፈውና እመጣለሁ።»

«እርስዎ ደግሞ መንገድ አይወዱም» ብሎ ሳቀ።

ሥራው ሰኞ ይጀመራል። እስከዚያ ደግሞ ቢደውል ስልኩን አላነሣም።