ሳንጠይቅ ስለታደሰልን የጋሼ ላፕቶፕ

ለተከበሩ የኮምፒውተር ሽያጭና ጥገና ማዕከል ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና፣ በተለይም ለሁለቱ ዓይኖችዎ ረጅም ዕድሜ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በፍርድ ቤቱ በር ላይ ተቀምጬ ለሃያ ሁለት ዓመት የሌሎችን አቤቱታ ስጽፍ የኖርኩ ሴት ነኝ። ለራሴ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ አገላለጼ ከደረጃዎ ዝቅ ብሎ ቢያገኙት ይቅርታዎ እንዳይለየኝ እለምናለሁ። ደብዳቤውን በአደባባይ ያደረግሁት ምስጋና በር ተዘግቶ አይሰጥም ብዬ ነው።

ጉዳዩን ረስተውት ይሆናልና ላስታውስዎ። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ለሃያ ስምንት ዓመት የረጅም መንገድ አውቶቡስ ነድቷል። ዓይኑ ሲደክም መንጃ ፈቃዱን እንዲመልስ ተደረገ፤ ሐኪሙም የቀረው ብርሃን ቢበዛ እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንደሚቆይ ነገረን። በመናኸሪያው የሾፌሮች ማረፊያ ክፍል አንድ አሮጌ የመኪና ውድድር ጌም ነበር፤ ቀኑን ሙሉ መሪ ሲጨብጡ የዋሉ ሰዎች ከሥራ ሲወጡ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ በታሰረ የፕላስቲክ መሪ ይሽቀዳደሙ ነበር። ኮምፒውተሩ ሲጣል መሪውን፣ ፔዳሎቹንና የጌሙን ሲዲ ለጋሼ የመሰናበቻ ስጦታ አድርገው ሰጡት። ጋሼ ከሐኪም ቤት ስንመለስ "ዓይኔ ሳይዘጋ ያንን የጌሙን የጫካ መንገድ አንዴ ልንዳው" አለኝ። አሳድጎ ለቁም ነገር ያበቃኝ ወንድሜ በዕድሜው ሙሉ ከእኔ የጠየቀው ነገር ይህ ብቻ ነው።

አንደኛ፦ ስለ ምርጫው። ጋሼ ሦስት ቀን አስቦ ያጻፈኝን ወረቀት ይዤ ወደ ማዕከልዎ መጣሁ። ላፕቶፑ ሲዲ የሚያስገባ፣ በጌሙ ዘመን የነበረውን አሮጌ ሲስተም የያዘ፣ የመሪውን ገመድ የሚቀበል፣ ስክሪኑም የማያንጸባርቅ ይሁን ይላል፤ ፍጥነቱ መካከለኛ እንዲሆንም አደራ ይላል፣ ጌሙ እጅግ ፈጣን ማሽን ላይ ሲከፈት መኪናው እንደ እብድ ይበራልና። እርስዎ የመጀመሪያውን መስመር አንብበው ሳቁና "እህቴ፣ ይሄ እኮ የሙዚየም ዕቃ ነው" ብለው ወረቀቱን የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ አደረጉት። ከዚያም እንደ ቅጠል የሳሳ አዲስ ላፕቶፕ አውጥተው ሁሉንም ይከፍታል ብለው ሸጡልኝ። እውነትም ሁሉንም ከፈተ፤ ከጌሙ በቀር። ሲዲ ማስገቢያ እንኳ አልነበረውም። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ነውና፣ የእርስዎም ሕልም አዲስ ዕቃ ብቻ መሆኑን አስቀድሜ አለመረዳቴ የእኔ ጥፋት ነው።

ሁለተኛ፦ ስለ ምክርዎ። ቀጭኑን ላፕቶፕ ልመልስ ስመጣ፣ ሣሩ ሲወዛወዝ፣ ዝናቡ በመስታወቱ ላይ ሲወርድ የሚታይበት አዲስ ጌም እያለ ሰው ለምን በአሮጌ እንደሚጫወት ጠይቀውኛል። ጥያቄው ጥሩ ነበር፤ መልሱን ቢጠብቁት ደግሞ የበለጠ ጥሩ ይሆን ነበር። ጋሼ አዲሶቹን በጎረቤት ቤት ሞክሯቸዋል፤ የዛፉን ጥላ ከአስፋልቱ መለየት አቅቶት መሪውን ለቀቀ። በአሮጌው ጌም ግን መንገዱ ግራጫ፣ ዳሩ ነጭ፣ ዛፉ አረንጓዴ ሳጥን ነው፤ ለደከመ ዓይን የሚነበበው እንዲህ ያለው ትልልቅ ነገር ነው። ይህንን ላስረዳዎ አፌን ስከፍት እርስዎ ስልክ አነሱ፤ እኔም የተቀመጥኩበትን አግዳሚ ለቀጣዩ ባለ ተራ ለቅቄ ወጣሁ።

ሦስተኛ፦ በዚህ ቁጥር ሥር የማመሰግነው እርስዎን አይደለም። በሕይወቱ ቸኩሎ ስለማያውቅ ሾፌሮቹ "ሦስተኛ ማርሽ" የሚሉት የጋሼ የድሮ ባልደረባ ከአልጋው ሥር አቧራ የጠገበ ወፍራም ላፕቶፕ አውጥቶ ሰጠን። ሁለቱ ሽማግሌዎች አንድ ሙሉ ቀን ተጎንብሰው ጌሙን ጫኑ፤ ሥዕሉ እንዳይለጠጥ ስክሪኑን አጠበቡ፤ የፍሬኑን ክብደት በጋሼ እግር ልክ አስተካከሉ። ከዚያ በኋላ ጋሼ አሥራ አንድ ቀን ነዳ። ቁርሱን ሳይጨርስ ይቀመጣል፤ መታጠፊያ ሲደርስ ትከሻው አብሮ ያዘነብላል፤ እኔ ከኋላው ሳልፍ "ቀበቶሽን እሰሪ፣ ትራፊክ አለ" ይለኛል። ከታመመ ወዲህ ሲቀልድ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ደስታ ስላልለመደብን ይመስለኛል፣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን የላፕቶፑ ማራገቢያ እንደ ወፍጮ መጮህ ጀመረ፤ እኔም በገዛ እግሬ ወደ እርስዎ አመጣሁት።

አራተኛ፦ ስለ ደግነትዎ። ክዳኑ ላይ "ማራገቢያው ብቻ ይጽዳ፤ ሌላ ምንም እንዳይነካ" ብዬ በትልቁ ጽፌ ለጥፌ ነበር። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከዚህ ያጠረና የጠራ አቤቱታ ጽፌ አላውቅም። ለካ በማዕከልዎ የገባ ዕቃ ሁሉ ሳይታደስ አይውጣ የሚል ደንብ ኖሯል፤ ዕቃ ተቀባይዋ በኩራት እንዳስረዳችኝ እርስዎ ራስዎ እጅጌዎን ሰብስበው በውስጡ የነበረውን ሁሉ አጠፉ፣ አዲሱን ሲስተም ጫኑ፣ ሲዲ ማስገቢያውንም በዚህ ዘመን ማን ይጠቀምበታል ብለው ነቅለው በቦታው ተጨማሪ ሃርድ ዲስክ ገጠሙበት። ያውም በነፃ! ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚባለው ለእንዲህ ያለው በጎ ሰው መሆን አለበት። ቤት ወስጄ ስከፍተው ላፕቶፑ ጌሙንም መሪውንም አያውቃቸውም፤ ማራገቢያው ግን የሚነካው አጥቶ እንደ ቀድሞው ይጮህ ነበር።

ለቀጠሮዎቹ ቁጥር መስጠት ትቻለሁ። እኛው ያጠፋነውን እኛው እናስተካክላለን ብለው ላፕቶፑን ስለያዙት ሰባት ሳምንት፣ ሰባት ማክሰኞ፣ ደጅ ጠናሁ። የተነቀለው ሲዲ ማስገቢያ ጠፋ፤ ከዚያ ተገኘ፤ ከዚያ የተገኘበትን መጋዘን ቁልፍ የያዘው ሰው የዓመት ፈቃድ ወጣ። መሪውንም ለሙከራ አምጪ ስላሉኝ አቅፌው በአውቶቡስ መጣሁ፤ ሾፌሩ መለዋወጫ ይዘሽልኝ ነው ወይ ብሎ ተሳፋሪውን አሳቀብኝ። ለተቀባይዋ የወንድሜ ዓይን እየሄደ ነው ብዬ ስነግራት፣ በመዝገቡ ላይ "ደንበኛዋ ትቸኩላለች" ብላ ጻፈች። ቤት ውስጥ ደግሞ ጋሼ መጀመሪያ የግድግዳውን ሰዓት አጣ፣ ቀጥሎ የበሩን እጀታ፣ ቀጥሎ የእኔን ፊት። በሩን ስከፍት "መጣ እንዴ?" ይለኛል፤ እኔም "ማክሰኞ" እለዋለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ወንድሜን መዋሸት የተማርኩት ከእርስዎ ነው።

በስምንተኛው ሳምንት ራስዎ ደውለው "እህቴ፣ የምሥራች!" አሉኝ። እውነትዎን ነበር። ሲዲው ይዞራል፣ ጌሙ ይከፈታል፣ መሪው ይታዘዛል፣ ማራገቢያውም በመጨረሻ ጸድቷል፤ በሥራዎ ላይ አንድም እንከን አላገኘሁም። ጋሼን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት፤ እጆቹን መሪው ላይ አሳረፈ፤ የሞተሩን ድምፅ ሲሰማ ፈገግ አለ። ጥቂት ጠበቀና ወደ እኔ ዞሮ "ስክሪኑን አብሪው እንጂ" አለኝ።

ስክሪኑ በርቶ ነበር። ብርሃኑ እስከ መጨረሻው ተለቅቆ ነበር። ተበላሽቷል ብዬ ልዋሸው ስል እሱ ቀድሞኝ ገባውና እጆቹን ከመሪው ላይ አንስቶ ጭኑ ላይ አደረጋቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ ውሻው ግን ቢያንስ የምሥራች አይልም።

ጋሼ ይህንን ደብዳቤ እንዳልጽፍ ለምኖኛል። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ሊጠቅመን ብሎ ነው ይላል። እኔም ክፉ ነዎት አልወጣኝም። ክፉ ሰው ላፕቶፑን ሰርቆን ቢጠፋ ኖሮ በማግስቱ ሌላ ፍለጋ እንወጣ ነበር፤ እርስዎ ግን በየሳምንቱ ተስፋ እየሰጡ ቤታችን አስቀመጡን። እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም።

ደንብዎ እንዲጸና፣ ማዕከልዎም ማንም ያልጠየቀውን ሁሉ ለመፈጸም ኃይልና ብርታት እንዲያገኝ እየተመኘሁ፣ በጎደለ ቤትና ባልጎደለ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

የሰባት ማክሰኞ ታማኝ ደንበኛዎ፣
የአውቶቡስ ሾፌሩ ታናሽ እህት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጋሼ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እንደገና መንዳት ጀምሯል። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ስክሪኑን እያየሁ ግራ፣ ቀኝ፣ ፍሬን እለዋለሁ፤ መኪና ነድቼ ስለማላውቅ እስካሁን ከሦስተኛው መታጠፊያ አላለፍንም። ቀን ቀን ሥራ ስለምውል በእኔ ቦታ የሚቀመጥ ሰው እየፈለግን ነው። ልምድ አይጠየቅም፣ የትምህርት ማስረጃም አያስፈልግም፤ የሚፈለገው ሰው የጠየቀውን ያንኑ ብቻ፣ በጊዜው መስጠት መቻል ነው። በመጀመሪያ እርስዎን ልጋብዝ አስቤ ነበር፤ መስፈርቱን ስለማያሟሉ ሳይሳካ በመቅረቱ አዝናለሁ።