በኮምፒዩተር ውስጥ የቆመው የአዴ ዲንቄ ቤት

ናዝሬት፣ ሰኔ 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ኃይለየሱስ አብተው፣
የነባር ቤቶች ዕቃ መልሶ መጠቀሚያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ይህ ጽሑፍ በሙሉ ጤንነት፣ በደረቅ ልብስና በማያፈስ ጣሪያ ሥር እንዲያገኝዎት የቀይ ጠጠር ሰፈር ነዋሪዎች ልባዊ ምኞት ነው። በአካል ቀርበን እጅ ልንነሣ ደጋግመን ሞክረን ነበር፤ ጓድ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልን። ሂስ የዕድገት መሣሪያ መሆኑን ያስተማሩን እርስዎ ስለሆኑ፣ ከአዲሱ አዳራሽ በር አጠገብ ባለው የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ለጥፈነዋል። ወደ ስብሰባ ሲገቡ መንገድዎ ላይ ነው።

ምስጋና ይቅደም። መንገዱ እንዲሰፋ ቤቶቻችን መነሣት በነበረባቸው ጊዜ፣ ዶዘር ልኮ ሁሉንም በአንድ ጀንበር አፈር ማድረግ ይቻል ነበር። እርስዎ ግን ከተማሩበት ወዳጅ አገር ኮምፒዩተር ይዘው መጡና በቀበሌው አዳራሽ ሰብስበው የየቤታችንን አምሳያ በአረንጓዴ መስመር ተስሎ በመስታወቱ ላይ አሳዩን። እያንዳንዱ ቆርቆሮ፣ በርና መስኮት ቁጥር ነበረው። አቶ ራህመቶ፣ ፍየሌስ የታለች ብለው ሲጠይቁ ሁላችንም ሳቅን፤ እርስዎም ፍየል መልሶ መጠቀሚያ ውስጥ አትገባም ብለው አብረውን ሳቁ። አሮጌ ቆርቆሮ የሚያፈስበትን ምክንያት ያስረዱንም ያን ዕለት ነው። ሌላ ቤት ላይ ሲመታ የድሮው የሚስማር ቀዳዳ ከእንጨቱ ውጭ ይውልና ሰማይ ያሳያል፤ ኮምፒዩተሩ ግን የየቆርቆሮውን ቀዳዳ ስለሚያውቅ የአዲሱ ጣሪያ እንጨት በዚያው ልክ ይሠራል፣ ሚስማሩም ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለሳል አሉን። እኛም አመንን።

ያመንነው ግን መስታወቱን ብቻ አልነበረም። አዴ ዲንቄን ስለሚያውቋቸው ማስተዋወቅ አያሻኝም፤ ይህን ለሚያነብ ሌላ ሰው ግን፣ ባለቤታቸው በባቡር ጣቢያ ሲሠሩ ያረፉባቸው፣ እናትዎ ገበያ ሲውሉ እርስዎን ከልጆቻቸው ጋር አንድ ገበታ ላይ አብልተው ያሳደጉ ጎረቤታችን ናቸው። ጣሪያዬ ይነሣ ብለው መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት እሳቸው ነበሩ። እርስዎም በሰው ሁሉ ፊት እጃቸውን ይዘው፣ ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮዎ ከራስዎ በላይ ይመለሳል አሏቸው። አዴ ዲንቄ ወደ እኛ ዞረው፣ «ኢልመኮ ካለ አለቀ፤ ልጄ ካለ አለቀ» አሉ። ከዚያ በኋላ ዋስ የጠየቀ ሰው የለም።

ስለዚህ የሚከተሉትን ጥቃቅን ነገሮች የማነሣው እንደ ቅሬታ ሳይሆን፣ ከሥራ ብዛት የተነሣ ከዓይንዎ ያመለጡ ቢሆኑ በማለት ነው።

አንደኛ፣ ግድግዳውን ሕዝቡ፣ ጣሪያውንና በሩን ጽሕፈት ቤቱ እንዲሠራ በተስማማነው መሠረት፣ ከሐዲዱ ማዶ በተሰጠን ቦታ በደቦ እንጨት አቁመን ጭቃ መርገናል። የአዴ ዲንቄን ቤት ከሁሉ አስቀድመን ጨረስን። አሁን ግድግዳው ራቁቱን ቆሟል። የጭቃ ግድግዳ ዝናብ ሲመታው ምን እንደሚሆን ለተማረ ሰው ማስረዳት ድፍረት ስለሚሆንብኝ አልፈዋለሁ፤ ትናንት ማታ ከሰሜኑ በኩል አንድ ክንድ ያህል መናዱን ብቻ እጠቅሳለሁ። አዴ ዲንቄ የሚያድሩት በወይዘሮ አረጋሽ ማድ ቤት ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሄደው የወደቀውን ጭቃ በእጃቸው መልሰው ይለጥፋሉ።

ሁለተኛ፣ ቆርቆሮዎቻችን የት እንደደረሱ አሳስቦን ነበር፤ አሁን ተጽናንተናል። ለመጪው የአብዮት በዓል በጥድፊያ የተሠራው አዳራሽ ኮርኒስ ስለሌለው፣ በየቆርቆሯችን ላይ በቀይ ቀለም የጻፋችሁት ቁጥር ከታች ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ባለፈው ስብሰባ ላይ ተሰብሳቢው ንግግርዎን ሽቅብ አንጋጦ በተመስጦ መከታተሉን በማድነቅ አመስግነውናል። ምስጋናው ይገባናል ለማለት ይከብደናል፤ እያንዳንዳችን የየጣሪያችንን ቁጥር እየፈለግን ነበር። አቶ አብዱናሲር የእሳቸውን ከመድረኩ በስተግራ አገኙት። የአዴ ዲንቄ ከቀበሌው ሊቀ መንበር ወንበር በላይ ነው፤ የክብር ቦታ ስለሰጧቸው እናመሰግናለን።

ሦስተኛውን ለመጻፍ ብዕሬ ከብዶብኛል። አዴ ዲንቄ ቢያንስ ለክረምቱ የቀበሌ ቤት እንዲሰጣቸው አመልክተው ነበር። ጸሐፊዎ ኮምፒዩተሩን ከፍተው አዩና፣ ቤትዎ እኮ ተሠርቶ አልቋል፣ ቤት ላለው ሰው ቤት አይሰጥም አሏቸው። አብሬያቸው ስለነበርኩ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጸሐፊዎ አልዋሹም። ቤቱ ከሐዲዱ ማዶ፣ ከነቆርቆሮው፣ ከነበሩ፣ በአረንጓዴ መስመር ቆሟል፤ ከሥሩም «ዕቃው ወደ ባለቤቱ ተመልሷል» የሚል ተጽፏል። አንድም ቀዳዳ አይታይበትም። አዴ ዲንቄ ጠጋ ብለው መስታወቱን በጣታቸው ነኩና፣ «እንዴት ያማረ ቤት ነው፤ የማን ነው?» አሉኝ።

አራተኛው የበር ጉዳይ ነው። ቢሮዎ ደጃፍ ላይ ስንቆም፣ አዴ ዲንቄ ለማንኳኳት ያነሡትን እጅ መለሱና በሩን ዳበሱት፤ ባለቤታቸው የመቱት ማጠፊያ አሁንም አለበት። ከውስጥ ማን ነው ተባሉ። በገዛ በራቸው ላይ ቆመው ማን ነው ሲባሉ የመጀመሪያቸው ነበር።

ልመናችን አጭር ነው። ክረምቱ ሳይጠና የአዴ ዲንቄ ቆርቆሮ ከአዳራሹ ወርዶ ግድግዳቸው ላይ ይውጣ፤ የእኛ ይቆይ። ይህ የበዓሉን ድምቀት የሚያጓድል ሆኖ ከተገኘ ግን፣ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ቤት የእሳቸው መሆኑን ጽሕፈት ቤትዎ ስላረጋገጠ፣ እዚያው ገብተው የሚኖሩበት ፈቃድ ይጻፍላቸው። ጓዛቸው ትንሽ ነው፤ አያጣብቡም።

ቃልዎን እንደ ዋስ፣ መስታወትዎን እንደ ቤት የተቀበለው ሰፈር ባለዕዳ ጎረቤትዎ፣ ከማይጓደል አክብሮት ጋር፣

ወልደአማኑኤል ድልነሳው
ከቀይ ጠጠር ሰፈር

ማስታወሻ፦ ትናንት ማታ በዘነበው ዝናብ አዳራሹ አፍስሶ፣ ሊቀ መንበሩ ባለመኖራቸው በወንበራቸው ተቀምጠው የነበሩት እርስዎ መበስበስዎን ሰምተን አዝነናል። ያ ቀዳዳ የአዴ ዲንቄ ሚስማር ቀዳዳ ነው፤ ለምን እንደሚያፈስ ያስረዱን እርስዎ ስለሆኑ አልደግመውም። አዴ ዲንቄ ግን መርዶውን ሲሰሙ ደንግጠው፣ ልጄ በልጅነቱም ብርድ አይችልም ነበር፣ ይችን ላስቲክ አድርስለትና ወንበሩ ላይ ይዘርጋት ብለውኛል። ትእዛዛቸውን ሳልፈጽም ስቀር ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። ላስቲኳ ያለችው በተናደው የጭቃ ግድግዳቸው ላይ ነው።